እናቷን አይተህ በለሷን ትከል

ክረምቱ ገባ ሲል በመቀሌ ጎዳና የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ይኸውም ልጆችና እናቶች በባልዲና በሳፋ ሙሉ በለስ ይዘው በመንገድ ዳር ተቀምጠው ነው። እርስዎም ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆም ይላሉ፤ ሻጩ ልጅ የፍሬውን ሁለት ጫፍ በቢላዋ ይቆርጥና ልጣጩን ሰንጥቆ ገለጥ ያደርገዋል፤ እሾሁ እጅዎን ሳይነካ ፍሬውን አንሥተው ይጐርሳሉ። ነገር ግን ይህን ፍሬ ሲበሉ «እናቱ ማን ናት?» ብለው ጠይቀው ያውቃሉ? ጥያቄው ቀልድ እንዳይመስልዎ። በዛሬው ጽሑፌ ላስረዳዎ የምፈልገው የበለስ ዕድል በዚህች ጥያቄ ላይ የቆመ መሆኑን ነው።

በለስ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። በአማርኛ «የባሕር ቁልቋል» መባሉ ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ባሕር ዛፍን «ባሕር ዛፍ» ያሉ አባቶቻችን ይህንንም ከባሕር ማዶ በመምጣቱ እንዲሁ ጠሩት። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። እስፓኞች እ. ኤ. አ. ከ1492 ወዲህ ወደ አሜሪካ መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ወደ አውሮፓ አሻገሩት፤ ከዚያም በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ሁሉ ተዛመተ። ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በካቶሊክ ሚሲዮናውያን እጅ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ከኢሮብና ከአዲግራት ጀምሮ እስከ ራያ ድረስ ድንጋያማው ኮረብታ በብዙ ስፍራ በለስ ለብሶ ይታያል። ፍሬው የሚደርሰው ያለፈው እህል ተሟጦ አዲሱ ገና ባልደረሰበት በክረምቱ ወራት ነው። ቅጠሉ በድርቅ ጊዜ የከብት መኖ ይሆናል፤ ተክሉ ራሱ የግቢ አጥር ነው። እንግዲህ በለስ ለከተሜው ጣፋጭ ቢሆን ለገበሬው የክረምት ጐተራው ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ እናቱ ነገር እንመለስ። በለስ በዘርም ይበቅላል፤ ነገር ግን ከዘር የበቀለው ፍሬ ለመስጠት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ጠባዩም ከእናቱ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ገበሬው የሚተክለው ዘሩን ሳይሆን እኛ ቅጠል የምንለውን፣ በእውነቱ ግን ግንዱ የሆነውን ሰፊውን ክፍል ነው። ያ ቅጠል መሬት ሲነካ ሥር ይሰድዳል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ማሳየት ይጀምራል። አዲሱ ተክል ግን በእውነቱ አዲስ አይደለም። የእናቱ ቁራጭ ስለ ሆነ የፍሬዋን ጣፋጭነት፣ የእሾሁን ብዛት፣ ድርቅ መቻሏን፣ ድካሟንም ሳይቀር እንዳለ ይወርሳል። አንድ ሰነድ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ስሕተት በመቶውም ገጽ ላይ እንደሚገኝ ሁሉ፣ የበለስ እናት ጉድለትም እንዲሁ ከልጅ ልጅ ይተላለፋል።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ከመቀሌ በስተ ደቡብ በምትገኝ መንደር ወደምትኖረው አክስቴ ዘንድ ለዕረፍት ሄጄ ነበር። የአጥሯን ክፍተት በበለስ እንድሞላላት ለመነችኝ። እኔም የተማረ ሰው ነኝና ምን ይከብደኛል ብዬ በመንገድ ዳር ካገኘሁት ተክል ቅጠል ገንጥዬ በዚያው ቀን ተከልሁ። በቅጠሉ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ነበረበት፤ የመንገድ አቧራ ነው ብዬ አለፍሁት። በዓመቱ ስመለስ የተከልሁት ሁሉ ጥጥ የተነሰነሰበት መስሏል። ይባስ ብሎ ነጩ ነገር ከአጠገቡ ወዳለው፣ አያቴ ወደ ተከለችው አሮጌ በለስ ተሻግሯል። ጥጡን በጣቴ ብጨፈልቀው እጄ ደም የነካ ይመስል ቀላ። አክስቴ በየክረምቱ ፍሬውን ሸጣ ለልጆቿ ደብተር የምትገዛበት ያ ተክል ቅጠሉ እየጠወለገ ወደቀ። እርሷም አልተቈጣችኝም፤ «ወደይ፤ እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ሲባል አልሰማህም?» ብቻ አለችኝ። ወደይ ማለት በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ነጭ ጥጥ የሚሸፍነው ኮቺኒል የተባለ ደቃቅ ነፍሳት ነው። እንስቷ አፏን በበለሱ ላይ ተክላ ከዚያች ስፍራ ሳትነቃነቅ ጭማቂውን እየመጠጠች ትኖራለች፤ በላይዋም ነጭ ሰም ትለብሳለች። በውስጧ ያለው ቀይ ቀለም በዓለም የታወቀ ነው። እስፓኞች ሜክሲኮን በያዙበት ዘመን ይህ ቀለም ከብር ቀጥሎ ከዋነኞቹ የንግድ ዕቃዎቻቸው አንዱ ነበር። ለግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ኮቺኒል 70,000 ያህል ነፍሳት ያስፈልጋሉ። ዛሬም በከንፈር ቀለምና በአንዳንድ ምግብ ውስጥ ይገባል። ወደ ትግራይም በ1990ዎቹ ዓ. ም. የመጣው ቀለሙን አምርቶ ለመሸጥ ታስቦ ነበር፤ አሳቡም ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ነፍሳቱ ከታሰበለት ክልል ወጥቶ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ትግራይ፣ ይልቁንም በራያ አዘቦና በሕንጣሎ ወጀራት፣ የገበሬውን በለስ አጠፋ። ጫጩቶቹን ነፋስ ይወስዳቸዋል፤ ከሁሉ የከፋው መንገድ ግን እኔ እንዳደረግሁት የታመመ ቅጠል ገንጥሎ ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከአንዲት እናት የወጣ እርሻ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። የአየርላንድ ገበሬዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ድንች ከቁራጭ እያባዙ ይተክሉ ነበር፤ እ. ኤ. አ. በ1845 በሽታ ሲገባበት ድንቹ በሰፊው በሰበሰ፤ ከዚያ በተነሣው ረኃብ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። በሞሮኮም እ. ኤ. አ. በ2014 የኮቺኒል ዘመድ የሆነ ነፍሳት ገብቶ ሰፊ የበለስ መሬት አወደመ፤ የታመመውን እየነቀሉ እስከ ማቃጠል ደረሱ። የሞሮኮ ተመራማሪዎች ግን ከየስፍራው ከሰበሰቡት የበለስ ዓይነት መካከል ነፍሳቱን የሚቋቋሙ ስምንት ዓይነቶች መረጡና እነዚያን እናት አድርገው ማባዛት ያዙ። መድኃኒቱ የተገኘው ቀድሞ የተለያዩ እናቶች ተጠብቀው ስለ ነበር ነው።

እንግዲህ እናትን መጠበቅና መተካት እንዴት ነው? ሥራው ከባድ አይደለም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል።

መጀመሪያ፣ እናት የሚሆነውን ተክል ፍሬ በያዘበት ወራት ይምረጡ፤ በአንድ ክረምት ብቻ ሳይሆን ሁለት ክረምት ይመልከቱት። ፍሬው የበዛና የጣፈጠ፣ ቅጠሉ ንጹሕ የሆነው በጨርቅ ምልክት ይታሰርበት። እናቶችዎም ከአንድ በላይ፣ የተለያየ ዓይነትም ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ቅጠል ሲወስዱ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሞላውን ከመገጣጠሚያው ላይ በንጹሕ ቢላዋ ይቍረጡ። ፊቱንና ጀርባውን መርምረው ነጭ ነጥብ ያለበትን አይውሰዱ። ከአንዲት እናት ብዙ አይገንጥሉ፤ የተራቈተች እናት ፍሬ አትሰጥም።

ሦስተኛ፣ የተቈረጠውን ቅጠል ቍስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በጥላ ያኑሩት፤ እርጥቡን ቢተክሉት ይበሰብሳል። ክረምት ሳይገባ፣ በበጋው መጨረሻ፣ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ቀብረው ይትከሉት። ፍግ ቢጨመርለት ደስ ይለዋል፤ ውኃ የሚቋጥር ስፍራ ግን አይስማማውም።

አራተኛ፣ በእናቲቱ ላይ የተደራረበውን ቅጠል በየዓመቱ ያሳሱት። ፀሐይ ወደ ውስጥ ሲገባ ፍሬው ይበረክታል፤ ነፍሳቱም ተደብቆ አይኖርም። ጥቂት ጥጥ ቢያዩ በብሩሽ ፈግፍገው በሳሙና ውኃ ይጠቡት፤ የባሰበትን ቅጠል ቈርጠው ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። በሜዳ መጣል ለጐረቤት መላክ ነው።

አምስተኛ፣ እናት ማርጀቷ አይቀርምና ምትኳን አስቀድመው ያዘጋጁ። ፍሬዋ እያነሰና እያቀጨጨ ሲሄድ ሁለት መንገድ አለ። ሥሯ ደኅና ከሆነ እስከ ዋናው ግንዷ ድረስ ቢቈርጧት እንደገና ታቈጠቍጣለች፤ ሁለት ሦስት ዓመት ግን ፍሬ ላታይ ትችላለች። ወይም ገና በብርታቷ ሳለች ከእርሷ አንድ ቅጠል ወስደው በሌላ ስፍራ ይትከሉ፤ እርሷ ስትደክም ልጇ በፍሬ ላይ ትደርሳለች። ብልኅ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። በሽተኛዋን እናት ግን ልጅ ሳይወስዱ ይንቀሉ፤ እዚህ ላይ ርኅራኄ ጥፋት ነው።

ውድ አንባቢ፤ እርስዎ ምናልባት ጠረጴዛ ላይ የሚውሉ ጸሐፊ ወይም ለፈተና የሚያነቡ ተማሪ ይሆናሉ፤ «ይህ የገበሬ ነገር ምኔ ነው?» ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን ብዙዎቻችን በአገር ቤት አባት፣ እናት ወይም አክስት አለን፤ በግቢያቸውም በለስ አለ። በዕረፍት ሲሄዱ ስኳርና ቡና ይዘው ይሄዳሉ፤ መልካም ነው። በዚያውም ወደ አጥሩ ወጣ ብለው ቅጠሉን ገልበጥ ያድርጉና ይመልከቱ። ንጹሕ የሆነችውን አንዲት እናት ምልክት ያድርጉባት።

እኔም ባለፈው በጋ ወደ አክስቴ ተመልሼ ነበር። በዚህ ጊዜ ቅጠሉን የመረጠችው እርሷ ናት፤ ከሦስት ጐረቤት ከሦስት ልዩ ልዩ እናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በደጃፏ ጥላ ተቀምጦ ሲደርቅ ትዕግሥቴ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ እርሷ ግን ቀኑን በጣቷ እየቈጠረች አላስነካችኝም። የአያቴ በለስ በነበረበት ስፍራ ዛሬ ሦስት ቅጠሎች ቆመዋል። ፍሬ ለማየት ገና ሁለት ክረምት ይቀረናል።