የመዝሙር ስብስባችን በሥርዓት ይሁን

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት አርፈው ልጆቻቸው «እናታችን የሚወዱትን መዝሙር አሰሙልን» ብለው ለመኑኝ። መዝሙሩ ኮምፒውተሬ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ከብዙ ሺህ ፋይሎች መካከል ግማሾቹ ስማቸው «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» የሚል ነበር። ሳላገኘው የቀብሩ ሥርዓት ተፈጸመ። ተፈልጎ የማይገኝ መዝሙር እንደሌለ እንደሚቆጠር ያን ቀን ተማርኩ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ለእያንዳንዱ መዝሙር ስም እንስጥ። የኤምፒስሪ ፋይል የዘማሪውን፣ የመዝሙሩንና የአልበሙን ስም በውስጡ መያዝ ይችላል። ይህን በጥንቃቄ ሙሉ። አንድ ጊዜ «ተስፋዬ ጋቢሶ»፣ ሌላ ጊዜ «ተስፋዬ ጋ.» ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። «ጸጋ» ተብሎ የተጻፈውንም «ፀጋ» ብላችሁ ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ በእርሱ ጽኑ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ፕሌይሊስት አዘጋጁ። ፕሌይሊስት ዝርዝር ነው እንጂ መዝሙሮቹ ራሳቸው አይደሉም። አንዱን መዝሙር ደጋግማችሁ ሳትገለብጡ «ለጸሎት»፣ «ለሰርግ»፣ «ለጌታ እራት»፣ «ለለቅሶ» በሚሉ ዝርዝሮች ሁሉ ልታስገቡት ትችላላችሁ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ዝርዝሩ የሚይዘው ፋይሉ የተቀመጠበትን አድራሻ መሆኑን አትርሱ። ፎልደሩን ብታዛውሩ ወይም ስሙን ብትለውጡ ዝርዝሩ መዝሙሩን ሊያጣው ይችላል። ፕሌይሊስቱን ብቻ በፍላሽ ይዞ ወደ ጉባኤ የሚሄድ ሰው እዚያ ሲደርስ የሚከፍተው ነገር አይኖረውም፤ መዝሙሮቹም አብረው መሄድ አለባቸው። የፋይሎቻችሁ ስም በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩን «ኤም3ዩ8» በሚባለው ዓይነት አስቀምጡ። ይህ ዓይነት ፊደላችንን በዩኒኮድ ስለሚይዝ ስሞቹ አይበላሹም።

በመጨረሻም፣ ሁሉንም በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ አስቀድሞ አይናገርም።

ሥራው ብዙ መስሎ ከታያችሁ በአንድ ዝርዝር ጀምሩ። ዛሬ ማታ ለለቅሶ የሚሆኑትን መዝሙሮች ብቻ ለዩ። የኀዘን ቀን ቀጠሮ ይዞ አይመጣምና፣ በዚያን ሰዓት የሚያጽናናውን መዝሙር ስንፈልግ ልናገኘው ይገባል።