ጎድኑ ይጠበስ፣ ፍሙ ግን ውጭ ይደር

ባለፈው ሐምሌ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣው የልጅ ልጄ «አያቴ፣ እዚህ አገር ባርቤኪው የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ ሳስነግረው፣ የአሳማ ጎድን በፍም ላይ ቀስ ብሎ ተጠብሶ ጣፋጭና ጎምዘዝ ያለ ስጎ ተቀብቶ የሚበላ ነው አለኝ። የአሳማ ሥጋ በእኛ ቤት አይገባም፤ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቤት እንደዚያው። «አሳማው ይቅር እንጂ ጎድን መች ጠፋ!» አልኩትና የበግ ጎድን ገዝቼ በአዋዜ ልጠብስለት ተነሣሁ።

ሥጋው ቀላል ነበር። ያስቸገረኝ ፍሙን የት እንደማስቀምጠው ነው።

ያደግሁት አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ነው። ስድስት አባወራ አንድ ግቢ እንጋራ ነበር። ዓመት በዓል ሲደርስ የከሰል ምድጃው ግቢው መሐል ይወጣል፤ አንዷ ታራግባለች፣ ሌላዋ ታገላብጣለች፣ ልጆች ዙሪያውን ከበን ምራቃችንን እንውጣለን። ቤቶቹም ቢሆኑ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ነፋስ የሚያሾልክ ክፍተት ነበራቸው። በክረምት ስንቱን ጨርቅ ወትፈንበታል! ያ ያማረርነው ክፍተት እስትንፋሳችን እንደነበር የገባኝ ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ በጥብሱና በቁርጡ የሚታወቀው ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሄደ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ እኔም አንዷ ነኝ። የከሰል ምድጃችንንም ይዘን ሄድን። አዲሱ ቤት ግን ብሎኬትና መስታወት ነው፤ በሩና መስኮቱ ሲዘጋ አየር መግቢያ የለውም። በግቢ ኑሮ የለመድነውን እሳት እዚያ ውስጥ ማንደድ ሌላ ነገር ነው።

በሥራ ዘመኔ የማልረሳው አንድ የበዓል ሌሊት አለ። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች በጎረቤት ታዝለው መጡ። ማታ ጥብስ በልተዋል። ብርድ ስለነበር የተረፈውን ፍም ቤት አስገብተው በሩን ዘግተው ተኝተዋል። እናትየዋ ራሷን ይዛ «ሥጋው ነው የጎዳን» ትለኛለች። አባትየው ያስመልሰዋል፤ ያዩት ሁሉ ጠላ የበዛበት መስሏቸዋል። ትንሿ ልጅ ግን ሥጋም ጠላም አልቀመሰችም፤ ወተት ጠጥታ ነበር የተኛችው። እሷም እንደነሱ ተዝለፍልፋለች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ሦስቱ ነጉ። ታላቁ ልጅ ግን አልነጋለትም፤ ለምድጃው ቅርብ የተኛው እሱ ነበር።

ይህን የሚያደርገው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» የሚለው ልማድ ብዙ ሰው ጎድቷል። ጭሱ ቢያልቅም ፍሙ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ደግሞ ቀድመው ይጎዳሉ።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ከግብዣ በኋላ ሲመጣ በምግብ ወይም በመጠጥ ይሳበባል። በአንድ ቤት ያላችሁ በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ በተለይ ውጭ ስትወጡ ሻል ካላችሁ፣ አየሩን ጠርጥሩ። በርና መስኮት ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ደውሉ። ሎሚ ማሸተትና ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ መስጠት እንዲያውም ያንቃል። መድኃኒቱ ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው።

ታዲያ ጎድን ጥብስ ይቅር ማለቴ አይደለም። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የበግ ጎድን፣ ሞራውን አንስቼ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጥቂት ጨውና በየጥብስ ቅጠል አሽቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ውሃ ጠብ አድርጌ፣ ድስቱን ከድኜ አንድ ሰዓት ያህል አበሰልኩት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የቆላ ሰው ከሚነግራችሁ ሰዓት ትንሽ ጨምሩ። ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር ይበቃዋል። እንዲህ ከበሰለ ለፍሙ የሚቀረው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከሰሉም ይቆጠባል።

ስጎው ሦስት የሾርባ ማንኪያ አዋዜ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ ማርና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ነው። ማሩና በርበሬው ቶሎ ስለሚያርሩ መጨረሻ ላይ ይቀባሉ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ቀድሜ ቀብቼ፣ በበርበሬው ጭስ ጎረቤቱን ሁሉ አስልቻለሁ! ጥሬ ሥጋ የነካ ብሩሽና ሳህን ለበሰለው አይመለስም። ደም ግፊት ላለበት አዋዜው ይቀነስ፤ ጨው አለበትና። ለሕፃናት ሥጋውን ከአጥንቱ ለዩላቸው።

ፍሙን የት አደረግሁት? በረንዳ ላይ አላደረግሁም፤ በሩ ሲከፈት ጋዙ ወደ ቤት ይገባል፣ ላይኛው ፎቅ ያለውም ሰው አለ። የኮንዶሚኒየሞቻችን ግቢ በግ የሚታረድበትና የሚበሰልበት የጋራ ቤት አለው። ምድጃውን ከእሱ ፊት ለፊት፣ ደጅ አወጣሁት። ጎረቤቶች ጠረኑን ተከትለው ወረዱ፤ አንዷ እንጀራ፣ ሌላዋ ሚጥሚጣ ይዛ መጣች። የአራዳ ግቢያችን ለአንድ ከሰዓት ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። የልጅ ልጄም አጥንቱን እየጋጠ «ከባርቤኪው ይሻላል» አለ፤ እኔን ለማስደሰት ይሁን ከልቡ አላውቅም።

ማታ ቀዝቀዝ ሲል «አያቴ፣ እሳቱን ቤት እናስገባውና እንሙቅ» አለኝ። እሱ ባላየው ልጅ ዕድሜ ነው። ጆግ ሙሉ ውሃ ሰጠሁትና ፍሙን ራሱ አጠፋው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተን፣ ጋቢ ደርበን ተኛን።

እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው፤ ሌሊቱም ገና ብርድ ነው። ከጥብሱ በኋላ ፍሙን ማን እንደሚያጠፋ ከአሁኑ ተነጋገሩ። መልካም በዓል።