የአሮጌ መኪና አየር ማቀዝቀዣ፦ ጋዙን መቀየር ብቻ ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት በተሠሩ መኪኖች የአየር ማቀዝቀዣው ጋዝ በአብዛኛው አር-12 ነበር። ክሎሪኑ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮልና ማሻሻያዎቹ ምርቱን አስቁመዋል፤ ክሎሪን አልባው አር-134ኤ ተተካ። ይሁን እንጂ ጋዙን ብቻ መለወጥ ኮምፕሬሰሩን ለጥፋት ይዳርጋል። ምክንያቱ ዘይቱ ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት በጋዙ ውስጥ ሟሙቶ ቧንቧዎቹን ዞሮ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። የቀድሞው ማዕድናዊ ዘይት ግን በአር-134ኤ ስለማይሟሟ በየቧንቧው ተጠራቅሞ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩም በደረቁ ይፋተጋል። ስለዚህ አሮጌው ዘይት ተጠርጎ የኤስተር ዘይት ይገባል፤ እርጥበት መምጠጫውም ይለወጣል። አዲሱ ጋዝ የሚሞላው ከቀድሞው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህል ነው፤ ሲበዛ ግፊቱ ያይላል። (እርሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ምድርን በማሞቅ በእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል።) አሮጌውን ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ ግን ለውጡን ከንቱ ያደርገዋል፤ በመሰብሰቢያ መሣሪያ ወደ ሲሊንደር መግባት አለበት።