ስለ አረጀች ድመት ጠባይ መለወጥ

ከሐረና ደን በታች ባለው ቆላ በደሎ መና፣ በቆሎና ማሽላ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ አይጥን የምትከለክለው ድመት ናት። ዳሩ ግን ዕድሜዋ 10 ዓመት ሲያልፍ ጠባይዋ ይለወጣል፤ ባለቤቷም ሰነፈች ብሎ ያባርራታል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና ሳይሆን ደዌ ነው። ኩላሊቷ ሲደክም ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፤ ሽንቷ ይበዛል፤ ሰውነቷም ይከሳል። ጥርሷ ሲታመም ወደ ምግቡ ቀርባ ሳትበላ ትመለሳለች። መገጣጠሚያዋ ሲታመም ወደ ጎተራው መዝለል ይሳናታል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ በቅርብ ማኖር፣ ለስላሳ ምግብ መስጠት፣ ምትክ የምትሆን ግልገል ድመትም አስቀድሞ ማሳደግ ይገባል። መርዝ የበላ አይጥ ድመቷንም ሊገድላት ይችላልና በጎተራ መርዝ መበተን አይገባም።

ይህ ሁሉ ለውጥ ቀስ በቀስ በወራት የሚመጣ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ድምፅዋ ተለውጦ፣ ለሃጯ እየወረደ፣ ያለ ምክንያት የምትነክስ ብትሆን ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ሹማምንት ለሕዝቡ ማስታወቅ ይገባቸዋል።