በጎተራ ውስጥ የሚጠፋው በቆሎና የነጋዴው ድርሻ

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በቆሎ ከማሳ ወደ ቤት ሲገባ ገበያው በእህል ይሞላል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። በጥር ወር እህሉን በርካሽ የሸጠው ገበሬ ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል ከገበያ በውድ ዋጋ ሲሸምት ይታያል። የዚህ ምክንያቱ የገንዘብ ችግር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዕዳና ግብር ገበሬውን እንደሚያስቸኩሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ከእነርሱ የማያንስ ሌላ አስቸኳይ አለ፤ ይኸውም ነቀዝ ነው። ገበሬው ያልሸጠውን ነቀዝ እንደሚበላበት ከልምድ ያውቃልና በተገኘው ዋጋ መሸጥን ይመርጣል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከአዝመራ በኋላ ወደ ችርቻሮ ሱቅ ሳይደርስ እንደሚጠፋ ገምቷል። ይህ የዓለሙ አማካይ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት በሚበዛበት አገር፣ በጭቃ በተለሰነ ጎተራ ወይም በተራ ጆንያ ለወራት የሚቀመጥ በቆሎ የሚደርስበት ጉዳት ግን ለብቻው መታየት ያለበት ነው።

ነቀዝ የሚጀምረው በጎተራ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ መነሻው ማሳው ነው፤ በተለይም ልባሱ ጫፉን አጥብቆ የማይሸፍነው የበቆሎ ዓይነት ገና በአገዳው ላይ ሳለ ይደፈራል። ሴቲቱ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን በውስጡ ታኖራለች፤ ቀዳዳውንም ሙጫ በመሰለ ነገር ትደፍነዋለች። ትሉ በፍሬው ሆድ ውስጥ እየበላ ስለሚያድግ ከውጭ አይታይም። ሙቀቱ ከተስማማው ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቀዳዳውን በስቶ ይወጣል። እንግዲህ በታኅሣሥ ንጹሕ መስሎት የገዛውን በቆሎ በየካቲት መጋዘኑን ሲከፍት ዱቄት ሆኖ የሚያገኘው ነጋዴ ሻጩን አታለለኝ ብሎ ቢከስሰው፣ ሻጩም እንደ እርሱ ምንም አላየም።

ከነቀዝ የሚቀድመው ጉዳይ ግን እርጥበት ነው። በቆሎ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ መብለጥ የለበትም። ርጥብ እህል ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል፤ ይህም መርዝ በመቀቀል ጨርሶ አይጠፋም። በሂሳቡም በኩል ቢታይ፣ 18 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ ክብደቱ ወደ 94 ኪሎ ይወርዳል። ርጥቡን እህል በደረቅ ዋጋ የገዛ ነጋዴ በእያንዳንዱ ኩንታል ስድስት ኪሎ ያህል ውኃ ገዝቷል ማለት ነው።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ የገበታ ጨው ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃዎች መነቅነቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ርጥብ ነው፤ ካልተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። ለረጅም ማከማቻ ግን ከዚያ በኋላም ተጨማሪ ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ ተሰጥቶ።

የደረቀውን እህል ከነቀዝ ለመጠበቅ ዋናው ነገር አየር መከልከል ነው። ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ቀብሮ አፉን ሲደፍን የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የጉድጓዱ ጉድለት ከግድግዳው የሚሰርገው እርጥበት ዳር ዳሩን ማሻገቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን ለአተር መሰሉ ለካውፒ እህል ማስቀመጫ ያስጀመሩት፣ ዛሬ ፒክስ የሚባለው ከረጢት ያንኑ ሥራ ያለ ጉድለቱ ይሠራል። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ከውጭ ተራው ማዳበሪያ ይለብሳቸዋል። እህሉ ሞልቶ እያንዳንዱ አፍ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ ለየብቻው ሲታሰር በውስጥ ያለው ነቀዝ የቀረውን አየር ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ መብላቱንም ያቆማል፤ በመጨረሻም ደርቆ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ከረጢቱም ካልተቀደደ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። ሆኖም ርጥብ እህል የገባበት እንደ ሆነ ሻጋታን እንጂ ሌላ አያተርፍም፤ በየቀኑ እየተከፈተ የሚቀዳበትም ከተራ ጆንያ አይሻልም።

መድኃኒት ከተነሣ ዘንድ፣ በየሱቁ የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን ጋዝ የሚያወጣ መርዝ መሆኑን ሻጩ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ በእህል መካከል የሚቀመጥ ክኒን ከነቀዙ ጋር ሰዎችን ይገድላል። ይህን ሳይናገሩ መሸጥ ንግድ አይባልም።

እዚህ ላይ የነጋዴው ድርሻ ይመጣል። እህል ገዢዎች በቆሎው ርጥብና የተሰባበረ ነው እያሉ ያማርራሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ለደረቁም ለርጥቡም የሚከፍሉት አንድ ዋጋ ነው። ገበሬው እህሉን ለተጨማሪ ቀናት አስጥቶ በእያንዳንዱ ኩንታል ስድስት ኪሎ የሚያጣ ከሆነ፣ ለድካሙም ምንም የማይጨመርለት ከሆነ፣ ርጥቡን ቢያቀርብ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። በኪሎው ላይ ለደረቀው እህል ጥቂት ሳንቲም መጨመር ገዢውን አያከስረውም። ነጭ ቦሎቄ ወደ ውጭ የሚልኩትማ ከሁሉ ይልቅ ሊያስቡበት ይገባል፤ በቦሎቄም ውስጥ እንደ በቆሎው ሁሉ ትሉ ተደብቆ ይጓዛልና፣ ጉዳቱ የሚታየው ዕቃው ከገዢው ወደብ ከደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል።

የወረዳ ከተማ ባለሱቆችም ከረጢቱን ማስመጣት ያለባቸው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሲረከቡም ፕላስቲኩን በአየር ነፍተው አፉን ይዘው ቢጫኑት ቀዳዳ ካለበት ወዲያው ይታወቃል። በጥር የሚመጣ ከረጢት የሚያገኘው ገበሬ አብዛኛውን እህሉን አስቀድሞ የሸጠ ነው።