ልጆቻችን ለዋና አልተፈጠሩም ያለው ማነው?

ምግብ ቤቴ ውስጥ የኦሎምፒክ ዋና በቴሌቪዥን ሲመጣ ደንበኞቼ አንድ ነገር ይደጋግማሉ። «እኛ አጥንታችን ከባድ ነው፤ ለሩጫ እንጂ ለውኃ አልተፈጠርንም» ይላሉ። እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም። ልጆቻችሁ ግን ባይሰሙት ደስ ይለኛል።

ሰውነት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የማይክል ፌልፕስ ቁመት 193 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክንዶቹ ሲዘረጉ 201 ይደርሳሉ። የኛዋ የቶሮንቶ ልጅ ፔኒ ኦሌክሲያክም ረጅም ናት፤ በ2016 ሪዮ ላይ ገና በ16 ዓመቷ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ወርቅ ወስዳለች። ታዲያ በ52.70 ሰከንድ እኩል ገብታ ያንን ወርቅ የተጋራቻት ጥቁር አሜሪካዊቷ ሲሞን ማኑዌል ናት። ከባዱ አጥንት የት ገባ? ጃፓናዊው ኮሱኬ ኪታጂማ ደግሞ 178 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በግሉ አራት የኦሎምፒክ ወርቅ ሰብስቧል።

በዚያው ሪዮ የኛው ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻ ሆነ። ዓለም ቦርጩን እያየ ሳቀበት። አባቱ የፌዴሬሽኑ ኃላፊ ስለሆኑ ነው የተመረጠው ተብሎም ብዙ ተወራ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ስናድግ ዋና ማለት የግዮን ወይም የሂልተን መዋኛ ነበር፤ ያውም ለከፋይ። ገንዘብ ያለው ሶደሬ ይወርዳል፤ ሌላው ወንዝ ውስጥ ተንቦጫርቆ ይመጣና እናቱ ትገርፈዋለች። ዋናተኛ ከየት ይምጣ?

ትንሿ ሱሪናምም 50 ሜትር ገንዳ የነበራት አንድ ብቻ ነው። ልጇ አንቶኒ ኔስቲ ግን ፍሎሪዳ ሄዶ ሠለጠነና በ1988 ሴኡል ላይ በ100 ሜትር ቢራቢሮ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። ዛሬ አሠልጣኝ ነው። ካሠለጠናቸው አንዱ የቶሮንቶው ጆሽ ሊየንዶ በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት 49.99 ገብቶ ብር አገኘ፤ በኦሎምፒክ ዋና ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ካናዳዊ ነው።

እኛ ደግሞ ገንዳ በሞላበት ከተማ ነው የምንኖረው። ስካርቦሮ ያለው የፓን አም ማዕከል ብቻ 50 ሜትር የሆኑ ሁለት ገንዳዎች አሉት። አንዳንድ የከተማው ማዕከላት ትምህርቱን በነፃ ይሰጣሉ፤ ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ «ዌልካም ፖሊሲ» የሚባለውን ድጎማ ጠይቁ።

ሜዳሊያውን እንኳ እንተወው። የሕይወት አድን ማኅበሩ ለልጆች ያወጣው መለኪያ እንዲህ ነው፤ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ተንከባሎ መግባት፣ አንድ ደቂቃ ሳይሰምጡ ባሉበት መቆየት፣ ከዚያ 50 ሜትር መዋኘት። ይህን የማይችል ልጅ ይዘን ነው በየሰመሩ ሐይቅ ዳር ሥጋ የምንጠብሰው።

«ጸጉሯ ይበላሻል» የምትሉ እናቶችም አላችሁ። ለብዙ ጸጉር የሚሆነው ሰፊ ኮፍያ በ2022 ለዓለም አቀፍ ውድድር ሳይቀር ተፈቅዷል። ቅባቱን ብቻ አትርሱ።

የምዝገባው ቀን ሲደርስ በጠዋት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ፤ ቦታው ቶሎ ያልቃል። ለአዋቂዎችም ክፍል አለ። እኔ ማክሰኞ ማታ ነው የምሄደው፣ ምግብ ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል።