ደብዳቤው ለአንድ፣ ጓዙ ለቤተሰብ

ቅጥር ማስታወቂያ ላይ «የሥራ ቦታ፦ ደባርቅ» የሚለውን ያነበበ የባሕር ዳር ወይም የአዲስ አበባ ወጣት መምህር መጀመሪያ የሚያሰላው ደመወዙን ነው። ባለቤቱ ግን ሌላ ስሌት ትይዛለች። የእኔ ሥራስ? ልጁን ማን ይይዘዋል? ብርዱስ እንዴት ነው? ቤተሰቡ ደባርቅ መክረም አለመክረሙን በአብዛኛው የሚወስነው የእሷ ስሌት ነው።

ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ለብዙ ዘመን የምትታወቀው በመተላለፊያነቷ ነበር። ቱሪስቱ አስጎብኚና በቅሎ ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ይወጣባታል፤ የጭነት መኪናው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርድባታል። ከሩቅ ለሥራ የመጣ ሰውም ኮንትራቱ ሲያልቅ ይሄድ ነበር። የዌልሱ ተወላጅ ክላይቭ ኒኮል የሰሜን ተራሮችን ፓርክ በማቋቋሙ ሥራ ላይ ለመሰማራት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲመጣ ገና 27 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቶ ተመለሰ፣ ቆይታውን በመጽሐፍ አሳተመ፣ በስተመጨረሻም ጃፓን ገብቶ ዜግነቷን ወሰደ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተመሠረተ፤ ጽሕፈት ቤቱም ደባርቅ ሆነ።

ከተማዋን ከመተላለፊያነት ያወጧት በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የተከታተሉ ሁለት ለውጦች ናቸው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀበለ። የዞን መምሪያ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ አዲስ ተጋቢ ወይም የሕፃን ልጅ ወላጅ በሚሆኑበት ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመዋቅሩ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የከተማው ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የዞን መምሪያዎች ግን የአማራ ክልል ናቸው። ባል በፌዴራል በጀት ሲቀጠር የሚስትን ቦታ የሚያመቻች አንድ ወጥ መሥሪያ ቤት የለም። ነርሷ ወይም መምህርቷ ሚስት ባሕር ዳር የምትሠራ ከሆነ ቢያንስ ክልሉ አንድ ነው፤ ክፍት መደብ ከነበጀቱ ከተገኘ ዝውውር መጠየቅ ትችላለች። አዲስ አበባ ከሆነች ግን አስተዳደሩም ሌላ፣ በጀቱም ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ያላት አማራጭ ለቅቃ እንደ አዲስ መወዳደር ነው። የባንክ ሠራተኛ ከሆነች ዕድሏ ባንኩ እዚያ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል።

መደቡ እስኪገኝ ታዲያ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። እሱ ደባርቅ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ እሷ ልጁን ይዛ በነበረችበት ትቀራለች። ሁለት ኪራይ፣ ሁለት ምድጃ፣ በየወሩ የመኪና ወጪ። የተጨመረው ደመወዝ እዚህ ላይ ያልቃል። ሚስት ተቀጥራ ባል ሲከተልም ያው ነው፤ ያኔ እንዲያውም «ሚስቱን ተከትሎ መጣ» የሚለው አሽሙር ይጨመርበታል።

ቤት ብቻውን ቤተሰብን እንደማያቆም ደባርቅ ከሌላ ዓይነት ዝውውርም ታውቃለች። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው እርሻና ልቅ ግጦሽ ነው። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር 250 ያህል አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። መምህሩ ሥራ አግኝቶ ነው ከተማዋ የገባው፤ የግጭ ገበሬ ግን ሥራውን ትቶ ነው። ገብስ አምርቶና በግ አርብቶ የኖረ ሰው ከተማ ውስጥ ጣሪያ ቢያገኝም ነገ የሚውልበት ያስጨንቀዋል። ይህ ጥያቄ መጠኑ ይነስ እንጂ ደባርቅ ገብታ ቤት የዋለችው የመምህር ሚስትም ጥያቄ ነው።

አየሩን በተመለከተ ማጋነንም ማቃለልም አያስፈልግም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 አካባቢ። ከቆላማ ቦታ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ሲወጣ ቢያለከልክ አይገርምም፤ ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምዳል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ክክና ባቄላ ለመብሰል ይዘገያሉ፤ የማገዶውም የኤሌክትሪኩም ወጪ ይጨምራል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ለሕፃን ከአንድ ወፍራም ጋቢ ይልቅ ተደራራቢ ልብስ ይሻለዋል። ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ መተኛት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የከሰል ጭስ ሳይሰማ ይገድላል።

ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤተሰብ ሌላም የሚታሰብ አለ። የአገራችን አራስ የምትታረሰው በእናቷ እጅ ነው። እናት ወሎ ወይም ሸዋ ከሆነች መምጫዋን ቀድሞ ማቀድ ያስፈልጋል፤ ሕፃኑ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሳ ድረስ የሚያግዝ ሰው ይፈለጋል። ለገንፎው ግን የሚያሳስብ የለም፤ አካባቢው የገብስ አገር ነው።

የጸጥታው ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ብዙ ንጹሐን ተገድለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉን ያዳረሰው ግጭት መንገድ እየዘጋ፣ ኢንተርኔት እያቋረጠ ቤተሰብን አለያይቷል። ባልና ሚስት በሁለት ከተማ ሲኖሩ የተዘጋ መንገድ ከደመወዝ መዘግየት የባሰ ይጎዳል። ስለዚህ «እኔ ልቅደም፣ እናንተ ትመጣላችሁ» የሚለው ዕቅድ ቀን ሊቆረጥለት ይገባል።

ለመሄድ የቆረጠ ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት ከቀበሌው መሸኛ ያውጣ፤ ያለ መሸኛ የአዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ይጓተታል። ባልም ሚስትም የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ በእጃቸው ይያዙ። የልጁን የክትባት ካርድ ከጓዙ ጋር ሳይሆን በቦርሳ ይያዙት። ደርሰው ኪራይ ከመዋዋላቸው በፊት ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ባለቤቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ። እድር ለመግባትም ክፉ ቀን አይጠብቁ።

ዩኒቨርሲቲውና ዞኑም የቤት ሥራ አለባቸው። መምህር ሲቀጠር የትዳር ጓደኛው ሙያ ምን እንደሆነ በአንድ ቅጽ ጠይቀው በከተማው ካለው ክፍት መደብ ጋር ቢያገናኙት ብዙ በጀት አይጠይቅም። የሕፃናት ማቆያም ቢከፍቱ ሁለቱም ወላጆች ሥራ መዋል ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ ወጣት ባለትዳሮች፣ የቅጥር ደብዳቤው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የሁለተኛውን ሰው ሥራ ጠይቁ።